የሚጣል ቆዳ የለንም!

ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ላሊበላን ዳር ዳሯን አንድ ዙር ዞራችሁ እዩ። ከአጥር ሥር፣ ከቦይ ውስጥ፣ ከቆሻሻ ክምር ላይ የበግ ቆዳ ተጥሎ ታገኛላችሁ። ውሻ ይጎትተዋል፣ ዝንብ ወርሮታል፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ላሊበላ ብቻ አይደለችም፤ ወልድያም፣ ደሴም፣ አዲስ አበባም ያው ነው። ድሮ "ቆዳ ያለው!" እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ነጋዴ ነበር። አሁን "በነጻ ውሰድልኝ" ብትሉትም እሺ የሚል የለም።

ይሄ የሆነው የት ነው? ከ40 ሚሊዮን በላይ በግና ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየል ባላት ሀገር። ደግሞም የት? ተማሪ ደበሎ ለብሶ ቅኔ በተቀኘበት፣ እህል በስልቻ በተጫነበት፣ ሰው በጠፍር አልጋ በተኛበት፣ ለእንግዳ አጎዛ በተነጠፈበት፣ ወንጌል በብራና ተጽፎ በቆዳ ማኅደር በተሰቀለበት በላስታ!

ወንድሜ፣ እህቴ፤ ስለ ክብራችን ብዙ ጽሑፍ አንብባችኋል። እኔ ዛሬ ስለ ሽታ ልጽፍላችሁ ነው። እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

የምለው አንድ ነገር ነው። ያ የሚሸተው ቆዳ፣ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ቁርጥራጭና ፍቅፋቂም ጭምር፣ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑን ፈልቅቆ የሚያወጣው ቁልፍ ኢንዛይም ይባላል። ኢንዛይሙን ሻጋታ ይሠራዋል። ሻጋታው ደግሞ በፉርሽካ ላይ ይበቅላል። የሚጣል ቆዳ፣ ፉርሽካና ሥራ ያጣ ተመራቂ ሦስቱም በእጃችን አሉ። የጎደለው ሦስቱን የሚያገናኝ ሰው ነው።

ቆዳው ለምን ተጣለ?

ጥፋቱን ሁሉ በነጋዴው ላይ ማላከክ ይቀላል። ግን እንደዚያ አይደለም።

አንደኛው ምክንያት ፖሊሲ ነው። መንግሥት ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ታክስ ጣለ፤ ቆይቶም በከፊል በተዘጋጀው ላይ ጨመረው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። "ጥሬውን አትሽጡ፣ እዚሁ ጫማና ጓንት አድርጋችሁ ሽጡ" ነው። ችግሩ ግን የውጭው በር ሲዘጋ የውስጡ ፋብሪካ ቆዳውን ሁሉ የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። ኬሚካሉ ከውጭ ይመጣል፣ ለኬሚካሉ ዶላር ያስፈልጋል፣ ዶላር የለም። ፋብሪካው ከአቅሙ በታች ይሠራል ወይም ይዘጋል፤ ነጋዴው መግዛት ያቆማል፤ ቆዳው እናንተ አጥር ሥር ይወድቃል። ሰንሰለቱ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ጥራት ነው። የደጋ በግ ቆዳ ለጓንት የሚፈለግ፣ በዓለም ገበያ ስም ያለው ቆዳ ነው። ግን በቅማልና በመዥገር መሰል ነፍሳት ምክንያት "እከክ" የሚባለው ነቁጥ ያበላሸዋል። ፀጉሩ እስኪወርድ ድረስ እከኩ አይታይም። ፋብሪካ ገብቶ ሲታይ "ሪጀክት" ተብሎ ይጣላል። በዚያ ላይ ስንገፍ በቢላዋ እንወጋዋለን፤ ጨው ሳናስነካው እናሳድረዋለን። አንድ ሌሊት ካደረ በቃ፣ አለቀ።

ሦስተኛው መንገድ ነው። ከላሊበላ ጋሸና፣ ከጋሸና በድልብ አድርጎ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ። መኪና የሚሄድበትና የማይሄድበት ቀን በማይታወቅበት በዚህ ዘመን፣ ዋጋው የወደቀ ቆዳ ጭኖ ያን ሁሉ አገር የሚያቋርጥ ማን ነው? የጭነቱ ሒሳብ የቆዳውን ሒሳብ ይበላዋል።

ስለዚህ ልብ በሉ። ቆዳችን ለጓንት "ሪጀክት" ሆነ ማለት ለሁሉም ነገር ሪጀክት ሆነ ማለት አይደለም። እከክ ያለበትም፣ ቢላዋ የወጋውም ቆዳ ውስጡ ያለው ፕሮቲን ያው ነው። ኮላጅን ይባላል። ኮላም፣ ጄላቲንም የሚሠራው ከሱ ነው።

ፋብሪካ የገባውስ የት ይሄዳል?

አሁን ከእኔ ጋር ኮምቦልቻ ውረዱ። ከደጋችን ተሰብስቦ የሚወርደው ቆዳ የሚደርስበት ቅርቡ ከተማ ስለሆነ ነው።

በዓለም ላይ በሚታወቀው ስሌት 1,000 ኪሎ ጨው የገባው ጥሬ ቆዳ ፋብሪካ ሲገባ ያለቀለት ቆዳ ሆኖ የሚወጣው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ያህሉ ብቻ ነው። ሌላውስ? ሥጋና ስቡ ተፍቆ ይወጣል፣ ፀጉሩ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ተበልቶ ከፍሳሹ ጋር ይሄዳል፣ ዳር ዳሩ ይቆረጣል፣ ውፍረቱ ሲስተካከል ፍቅፋቂ ይረግፋል። ከአራት እጅ አንዱን ለማግኘት ሦስቱን እንጥላለን ማለት ነው።

ያ ፍቅፋቂ ደግሞ ተራ ፍቅፋቂ አይደለም። አብዛኛው የዓለም ቆዳ የሚለፋው በክሮም ነው። ክሮም ቆዳውን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ "ዌት ብሉ" የሚሉት ለዚህ ነው። በቆዳው ውስጥ ሲቆይ ብዙ አይጎዳም። ነገር ግን ፍቅፋቂው እንደ ቆሻሻ ሲቃጠል ወደ ሌላ መልክ፣ ካንሰር ወደሚያመጣው ክሮም ሊለወጥ ይችላል። ሜዳ ላይ ሲደፋም በዝናብ እየታጠበ ወንዝ ይገባል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚገባባቸው ትንንሽ ወንዞች ተጠንተው ክሮም ተገኝቶባቸዋል። እነሱ ቦርከና ይገባሉ፤ ቦርከና አዋሽ ይገባል። ሞጆም ላይ ታሪኩ ያው ነው፤ የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሲጠጣ ስንት ዓመቱ!

ሽታው የላስታ፣ መርዙ የቦርከና፣ ጄላቲንና ኬሚካሉ ደግሞ ከውጭ በዶላር። እንዲህ ዓይነት ንግድ ያዋጣል?

ኢንዛይም ምንድን ነው? እናትህን ጠይቃት

አንዳንዱ "ኢንዛይም" ሲባል የፈረንጅ ላቦራቶሪ ይመስለዋል። እናትህ ጠላ ስትጠምቅ አይተሃል አይደል? ገብሱን ዘፍዝፋ፣ በቅጠል ሸፍና ታበቅለዋለች። ብቅል የሚሆነው ለምንድን ነው? ገብሱ ሲበቅል ኢንዛይም ይሠራል። ያ ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ቆርጦ ስኳር ያደርገዋል፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ብቅል ባይኖር ዱቄቱ ዱቄት ሆኖ ይቀር ነበር። እናቶቻችን ስሙን ሳይጠሩ ኢንዛይም ሲያሠሩ ኖረዋል።

ኢንዛይም መቀስ ነው በሉት። አንዱ ስታርች ብቻ ይቆርጣል፣ አንዱ ስብ፣ አንዱ ፕሮቲን። ለቆዳ የምንፈልገው ፕሮቲን ቆራጩን ነው፤ ፕሮቲዬዝ ይባላል።

ይህን መቀስ የሚሠራልን ማን ነው? ሻጋታ። እንጀራ ሲሻግት አይታችሁ ጥላችኋል። ሻጋታ አፍ የለው፣ ጥርስ የለው፣ እንዴት ይበላል? ኢንዛይሙን ወደ ውጭ ይተፋል፣ ምግቡን ከአካሉ ውጭ ያሟሟል፣ ከዚያ ይመጠዋል። ለእኛ የሚጠቅመው ይሄ ጸባዩ ነው። እርጥብ ፉርሽካ ላይ ካበቀልነው ኢንዛይሙን ፉርሽካው ላይ ይተፋዋል፤ በውኃ አጥበን፣ አጥልለን እንወስደዋለን። ባክቴሪያም ፕሮቲዬዝ ይሠራል፣ አዎ፤ የፋብሪካው ባክቴሪያ ግን የሚያድገው በአብዛኛው ፈሳሽ በሞላበት ትልቅ ጋን፣ አየር እየተነፋለት፣ መብራት ሳይቋረጥ ነው። እዚህ መብራት ስንት ቀን እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሻጋታ ግን በትሪ ላይ፣ በእርጥብ ፉርሽካ፣ በሦስትና በአምስት ቀን ሥራውን ይጨርሳል።

ይሄ የእኔ ቅዠት አይደለም። ጆኪቺ ታካሚኔ የሚባል ጃፓናዊ አሜሪካ ሄዶ የሀገሩን የኮጂ ሻጋታ በስንዴ ፉርሽካ ላይ አብቅሎ፣ ኢንዛይሙን አጣርቶ በ1894 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ጃፓኖች አኩሪ አተር የሚያቦኩበት ተራ የጓዳ ሻጋታ ነው። ታካሚኔ የናቁትን የጓዳ እውቀት ይዞ ኢንዱስትሪ አደረገው። ከእሱ ጥቂት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ኦቶ ሮም ቆዳ ፋብሪካ ገባ። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ቆዳ ለፊዎች ቆዳ የሚያለሰልሱት በምን እንደነበር ታውቃላችሁ? በውሻና በወፍ ኩስ! ሮም ሥራውን የሚሠራው በኩሱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም መሆኑ ስለገባው ኩሱን በንጹሕ ኢንዛይም ተካው። ኩባንያውን ያቋቋመው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ "ፋቂ ይሸታል" እያለ የሚሳለቅ ካለ፣ የፈረንጁም ቆዳ ከየት እንደመጣ ንገሩት።

የእኛስ ሰው? አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አማረ ገሠሠና ባልደረቦቻቸው ከስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆቻችን ባክቴሪያ አውጥተው፣ በሚጣል የዶሮ ላባ ላይ አብቅለው፣ ጠንካራ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ማግኘታቸውን ካሳተሙ ከ20 ዓመት በላይ ሆነ። እነሱ የሠሩት በባክቴሪያ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው፤ የሚጣለውን ለማይታየው ፍጥረት አብልቶ የሚሸጥ ነገር ማውጣት። እውቀቱ ሀገር ውስጥ አለ ማለት ነው። ከመጽሔት ወጥቶ ወልድያና ላሊበላ አልደረሰም እንጂ።

ከፍቅፋቂው ምን ይወጣል?

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ፔንሲልቬንያ ውስጥ ባለው ማዕከላቸው የክሮም ፍቅፋቂውን ጉዳይ ፈትተው አሳይተዋል። አሠራሩን በቀላሉ ልንገራችሁ። ፍቅፋቂው አልካላይ በሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ጄላቲኑ ይወጣል። በቀረው ላይ ኢንዛይም ይጨመራል፤ ኢንዛይሙ ፕሮቲኑን ቆራርጦ ወደ ውኃው ያሟሟዋል። ክሮሙ ግን አይሟሟም፣ ከታች ይዘቅጣል። ይጠለላል። ከላይ የፕሮቲን ፈሳሽ፣ ከታች የክሮም ጭቃ። ጭቃው በአሲድ ታክሞ ተመልሶ ለቆዳ ማልፊያ ይሆናል።

ለኮምቦልቻ፣ ለባሕር ዳር፣ ለደብረ ብርሃን፣ ለሞጆ ፋብሪካዎች ይሄ ምን ማለት ነው? ለመድፊያ ቦታ የሚያስቸግራቸው ፍቅፋቂ በዶላር የሚገዙትን ክሮም በከፊል ይመልስላቸዋል ማለት ነው።

እዚህ ጋ ግን ቆም በሉ። ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። ክሮም የነካው ነገር ለዶሮም፣ ለማሳም፣ ለምግብም አይሆንም! "ፕሮቲን ነው" ተብሎ ብቻ መኖ አይደረግም። ባንግላዴሽ ውስጥ የቆዳ ፋብሪካ ቁርጥራጭ ቀቅለውና ፈጭተው የዶሮና የዓሣ መኖ አደረጉት፤ ክሮሙ ወደ ዶሮው ሥጋ ገባ። በ2011 እ.ኤ.አ. የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አገደው። ደሃ ሀገር ሁለት ጊዜ ይመረዛል፤ አንዴ በወንዙ፣ አንዴ በሳህኑ። እኛ ይሄን አንደግምም።

ለዚህ ነው ሥራውን ለሁለት የምከፍለው። የክሮሙ ሥራ የፋብሪካው ነው፤ ላቦራቶሪ፣ መለኪያና ተቆጣጣሪ ባለበት ይሠራ። የላስታ ሥራ ንጹሑ ነው፤ ክሮም ያልነካው፣ በየበዓሉ የሚጣለው ጥሬ ቆዳ።

ላስታ ላይ ምን መሥራት ይቻላል?

ሒሳብ እንሥራ። ስሜት በሒሳብ ካልታሰረ ይበናል።

አንድ ትኩስ የበግ ቆዳ 2 ኪሎ አካባቢ ነው ብለን እንያዝ። 100 ቆዳ 200 ኪሎ። አብዛኛው ውኃ ነው፤ ፕሮቲኑ ሲሦ ገደማ ነው፣ 60 ኪሎ እንበለው። ይህን ሁሉ ማዳበሪያ ብናደርገውስ? ከቆዳ ፕሮቲን 17 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፣ ስለዚህ 10 ኪሎ ናይትሮጅን። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው፣ 10 ኪሎው ከ22 ኪሎ ዩሪያ ጋር እኩል ይሆናል። ከ100 በግ ቆዳ ተለፍቶ የ50 ኪሎ ከረጢት ግማሽ እንኳ አይሞላም! በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው መንገድ የወጣበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ "ከቆዳ ማዳበሪያ እንሠራለን፣ ችግራችን ይፈታል" የሚል ሰው ከመጣ ሒሳቡን አሳዩት።

ከዚያው 60 ኪሎ ፕሮቲን ግማሹን ብቻ ኮላ ብናደርገውስ? 30 ኪሎ የእንጨት ኮላ። አናጢው፣ ወንበር ሠሪው፣ መስቀል ጠራቢው፣ ለቱሪስት ዕቃ የሚሠራው ሁሉ ይጠቀምበታል። የቆዳ ኮላ በዓለም ላይ ለዘመናት የተሠራበት ነው። ሂደቱም ይታወቃል፤ ኖራ፣ ውኃ፣ ልክ የሆነ ሙቀት፣ ማድረቅ።

እና ኢንዛይሙ የት ገባ? ሦስት ቦታ።

አንደኛ፣ ፀጉሩ ላይ። በፋብሪካው ሶዲየም ሰልፋይድ ፀጉሩን ቀልጦ እስኪጠፋ ይበላዋል፤ ያ ኬሚካል አሲድ ከነካው ገዳይ ጋዝ ያወጣል። የሻጋታው ፕሮቲዬዝ ግን ፀጉሩን ራሱን ሳይበላ ሥሩን ይፈታዋል። ፀጉሩ ሙሉውን ይወርዳል። የወሎ ደጋ በግ ፀጉር ደግሞ ባና የሚሆን ነው! የምንጥለው ቆዳ ላይ ብርድ ልብሳችንም አብሮ ተጥሏል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የሚፋቀው ሥጋና ስብ ላይ። ፈጭታችሁ፣ ወደ 50 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ከኢንዛይሙ ጋር ለሰዓታት ብታማስሉት ፕሮቲኑ ይሟሟል፣ ስቡ ይንሳፈፋል። ስቡ ተገፍፎ ሳሙና ይሆናል። ሙቀቱ ካለፈ ግን ኢንዛይሙ እንደ እንቁላል ረግቶ ይሞታል፤ ቴርሞሜትር የግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ቅሪቱ ላይ። ኮላ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ በኢንዛይም ተሟሙቶ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይሆናል። ማዳበሪያ እዚህ ጋ ነው ቦታው፤ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ጉርሻ። ለጓሮ አትክልት፣ ለችግኝ።

ጄላቲንስ? ቀስ ብለን። የምግብና የመድኃኒት ጄላቲን ንጽሕናው ከባድ ነው፣ ፈቃድና ምርመራ ይጠይቃል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በዓለም ገበያ ካለው ጄላቲን ትልቁ ድርሻ የሚወጣው ከአሳማ ቆዳ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት ሀገር፣ የበግና የፍየል ጄላቲን ገበያ አያጣም። የመታረጃውን ለይቶ መሰብሰብም ይቻላል። ይሄ የአምስት ዓመት ግብ ይሁን።

"በቃ ሻጋታ ላብቅል" ለምትለው

አትቸኩል! ሻጋታ ሁሉ አንድ አይደለም። የጃፓኖቹ ሻጋታ አስፐርጊለስ ኦራይዜ ይባላል። የቅርብ ዘመዱ አስፐርጊለስ ፍሌቨስ ግን አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚያጠፋ መርዝ ያመርታል። አዲስ አበባ አካባቢ በ2015 እ.ኤ.አ. ወተት ውስጥ ተገኘ ተብሎ ያስደነገጠን እሱ ነው፤ የሻገተ መኖ ነበር ምንጩ። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከሻገተ እንጀራ ላይ ጭረህ የምትጀምረው ነገር አይደለም። የታወቀ፣ የተመረመረ ዘር ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የደቂቅ አካላት ስብስብ አለው፤ የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባልም አለን። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ አላቸው። ዘሩ በእነሱ በኩል ይምጣ፣ ምርመራው በእነሱ ይሠራ።

የላስታ ብርድም አለ። ሻጋታው የሚወደው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የእኛ ሌሊት የአቡነ ዮሴፍ ንፋስ ነው። ሙቀት የሚይዝ ክፍል ይፈልጋል። የሚበልጠው ወጪ እሱ ነው። ጓንትና የአፍ መሸፈኛም የግድ ነው፣ የሻጋታ ብናኝ ሳንባ ያሳምማል።

ሽታውን የፈራ ስድቡን ነው የፈራው

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን የዘረዘርኩት ቴክኒክ ይለመዳል። የማይለመደው በጭንቅላታችን ያለው ነው።

"ፋቂ" ብለን ስንቱን አዋረድን? ቆዳ አልፊውን ሰው በሰርግ ለብቻው አስቀመጥን፣ ልጃችንን ከለከልነው፣ በመሸ ጊዜ "ቡዳ" አልነው። በማግስቱ ደግሞ እሱ ያለፋውን ጠፍር አልጋ ላይ ተኛን፣ እሱ የሠራውን አገልግል ይዘን መንገድ ሄድን። ብዙ ቦታ ቆዳ አልፊዎች በእምቧይ ፍሬ ቆዳ ያለሰልሱ ነበር፤ ኬሚስትሪ ያልተማሩ ኬሚስቶች ነበሩ። ብራና ፋቂው ደግሞ ያለ ኖራ፣ በውኃና በመወጠሪያ ብቻ፣ ለዘመናት የሚቆይ ገጽ አወጣ። ዛሬ በላስታ ገዳማት ያለው መጽሐፍ የተጻፈበት ገጽ የዚህ እጅ ሥራ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብ ከልክለዋል። ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ እያሉ ማዋረድ ሀገር ያጠፋል ብለው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ግን ዛሬም በእኛ ስልክ ውስጥ አለ፤ ኮሜንት ላይ ሰው ሲጣላ የመጀመሪያው ስድብ እሱ ነው። ስለ ወገን ክብር እየጻፍን የገዛ ወገናችንን ባለሙያ የምንሰድብ ከሆነ፣ የቱ ክብር ነው የምንለው?

እኔ ዲግሪ አለኝ፣ ሥራ የለኝም። እንደ እኔ ያለው በየመንደሩ ስንት ነው! ላሊበላ ደግሞ በቱሪስት የኖረች ከተማ ናት፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፣ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት መጣ፣ አስጎብኚውም አልጋ አከራዩም ባዶ እጁን ቀረ። ይሄን ሐሳብ በሦስት ገጽ ጽፌ አንድ ቢሮ ወስጄ ነበር። የተቀበለኝ ሰው "ቆዳ? አንተ የተማርክ ልጅ አይደለህም እንዴ?" አለኝና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሰውዬውን አልወቅሰውም፣ ሁላችንም ያደግንበትን ነው የተናገረው። ግን መሳቢያው መከፈት አለበት።

ምን ይደረግ?

ከመንግሥት ቢሮዎች የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በላሊበላና በወልድያ ከመኖሪያ ራቅ ያለ፣ ውኃና የፍሳሽ ጉድጓድ ያለው አንድ አንድ መጠለያ። በበዓል ሰሞን ቆዳ የሚሰበሰብበት ነጥብ፣ ጨው ጭምር። የበግ እከክ መከላከያ በወቅቱ፤ ጥሩው ቆዳ ለጓንት እንዲሸጥ።

ከዩኒቨርሲቲዎች የምንጠይቀው ደግሞ አንድ ነው። የመመረቂያ ጥናት መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ፣ አንድ መምህርና አምስት ተማሪ በአንድ ክረምት መጥተው 100 ቆዳ ላይ ይሞክሩት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ምሕንድስና ያስተምራል። ይምጡ፣ ቆዳው እዚህ ነው።

ከእናንተስ? አንድ፦ በሚቀጥለው በዓል የቤታችሁን ቆዳ ሳትወጉ ግፈፉ፣ ቶሎ ጨው አስነኩት፣ ጥላ ላይ ዘርጉት። ሁለት፦ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ባዮቴክኖሎጂ ወይም ኬሚካል ምሕንድስና ተምራችሁ የተቀመጣችሁ ስምንት ወይም አሥር ሆናችሁ ተደራጁ። ከመካከላችሁ ቆዳ የሚያለፋ ባለሙያ ይኑር፣ በተላላኪነት ሳይሆን በእኩል ድርሻ። እሱ የሚያውቀውን እኛ አንማርነውም። ሦስት፦ "ፋቂ" የሚለውን ስድብ ከዛሬ ጀምሮ ከአፋችሁ አውጡ፣ ሲሰደብ ስታዩም ዝም አትበሉ።

ይሄ ሥራ ሺህ ሰው አይቀጥርም። አንድ መጠለያ አሥር ሰው ቢያሠራ ትልቅ ነገር ነው። ላሊበላ፣ ጋሸና፣ ወልድያ፣ ሰቆጣ አንድ አንድ ቢኖራቸው ደግሞ አርባ ቤት ምድጃው ይሞቃል። ከአርባ ቤት የሚጀመር ነገር ከባዶ መፈክር ይሻላል።

እኛ ድንጋይ ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ያወጡ ሰዎች ልጆች ነን እያልን እንኮራለን። ልክ ነው፣ እንኩራ። ግን እነሱ ድንጋዩን "ድንጋይ ነው" ብለው አልተውትም። ቆዳውን "ይሸታል" ብለን ከተውነው በምን እነሱን እንመስላለን?

ለሚመለከተው ሰው ይድረስ፣ ሼር አድርጉት። ሙያው ያላችሁ፣ ወረቀት ብቻ ሳይሆን እጃችሁን የምታስገቡ፣ ከየት ወረዳ እንደሆናችሁና ምን እንደተማራችሁ ከታች ጻፉ። መደራጀት የሚጀመረው ከስም ዝርዝር ነው።